አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ካርድ ሲጨመር ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

አዲስ የተሰካ ካርድ አልሠራ ሲል፣ ማውሱ ድንገት ቀጥ ሲል ወይም ድምፁ እየተቆራረጠ ሲወጣ ብዙ ሰው ካርዱ ተቃጥሏል ብሎ ይጥለዋል። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ በተሠሩ፣ የአይሳ ስሎት (የቆየ ዓይነት የካርድ መሰኪያ) ባላቸው ኮምፒውተሮች ላይ ግን ብዙ ጊዜ የተበላሸ ነገር የለም፤ ሁለት ዕቃዎች አንድ የአይአርኪው መስመር (ዕቃው የፕሮሰሰሩን ትኩረት የሚጠይቅበት)፣ አንድ የዲኤምኤ ቻናል (ዕቃው በቀጥታ ከሜሞሪ ጋር መረጃ የሚለዋወጥበት) ወይም አንድ የአይኦ አድራሻ (ፕሮሰሰሩ ዕቃውን የሚያገኝበት ቁጥር) ይዘው እየተጋጩ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት የተያዘውን ሳያውቁ መሰካት ነው። በ1984 ከወጣው አይቢኤም ኤቲ ጀምሮ የአይአርኪው መስመሮች ከ0 እስከ 15 ይቆጠራሉ። ቁጥሩ ሰፊ ይመስላል እንጂ ሰዓት ቆጣሪው፣ ኪቦርዱ፣ ፍሎፒው፣ ሲሪያል ፖርቶቹ፣ ፕሪንተሩ፣ የፒኤስ 2 ማውሱና የሃርድ ዲስክ መቆጣጠሪያዎቹ ድርሻቸውን ከወሰዱ በኋላ ለአዲስ ካርድ የሚተርፉት ብዙውን ጊዜ 5፣ 9፣ 10 እና 11 ብቻ ናቸው። በዊንዶውስ 95 እና 98 ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ከዝርዝሩ አናት ያለውን ኮምፒውተር የሚለውን መርጦ ፕሮፐርቲስ ሲከፈት የተያዙት መስመሮች ይታያሉ፤ እነርሱን በወረቀት መገልበጥ ያስፈልጋል። ድራይቨሩ (ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ያልተጫነ ካርድ ግን እዚያ ላይታይ ስለሚችል፣ ጃምፐር (መስመሩን ወይም አድራሻውን በእጅ የሚወስኑበት ትንሽ መሰኪያ) ያላቸውን ካርዶች አውጥቶ አቀማመጡን በዓይን ማረጋገጥ የግድ ነው።

ሁለተኛው፣ ኮም 3 ከኮም 1 (ኮም የሲሪያል ፖርቶቹ መጠሪያ ነው) የተለየ ስለሆነ አይጋጭም ብሎ ማሰብ ነው። አድራሻቸው ይለያያል፤ በተለመደው አቀማመጥ ግን ሁለቱም አይአርኪው 4ን ይጠቀማሉ፣ ኮም 2 እና ኮም 4 ደግሞ 3ን ይጋራሉ። ማውሱ ኮም 1 ላይ ሆኖ የውስጥ ሞደሙ ኮም 3 ላይ ከተደረገ፣ ሞደሙ መደወል ሲጀምር ማውሱ ይቆማል። መፍትሔው የማይፈለገውን ኮም 2 ከባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ መጀመሪያ ከሚሠራው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) አጥፍቶ ቦታውን ለሞደሙ መስጠት ነው።

ከሁሉ በላይ ሰው የሚያደክመው ሦስተኛው ነው፦ የአይኦ አድራሻን እንደ አንድ ነጥብ መቁጠር። አድራሻው የክልል መነሻ ብቻ ነው። የኤንኢ 2000 ዓይነት ኔትወርክ ካርድ 32 ተከታታይ አድራሻዎችን ይይዛል። ከ300 አንስተው 360 ላይ ቢያደርጉት፣ ቁጥሩ የሚሄደው በሄክሳዴሲማል (ከ9 በኋላ ከኤ እስከ ኤፍ በሚቀጥለው አቆጣጠር) ስለሆነ እስከ 37ኤፍ ይዘልቃል፤ የፕሪንተሩ ፖርት ያለበት 378 መሐል ላይ ይወድቃል። 320 ላይ ቢደረግ ደግሞ እስከ 33ኤፍ ስለሚደርስ የድምፅ ካርዱን የሚዲ ፖርት (የሙዚቃ መሣሪያ ማገናኛ)፣ ማለትም 330ን፣ ይነካል። የስካዚ ካርድ (ሌላ ዓይነት የዲስክ መቆጣጠሪያ) ከሌለ 340 የተሻለ ምርጫ ይመስለኛል። በግጭቱ ውስጥ ፕሪንተሩ ወይም ኔትወርኩ አልፎ አልፎ ብቻ ስለሚስት፣ መንስኤው ሳይታወቅ ኬብልና ድራይቨር በከንቱ ይቀየራል።

አራተኛው፣ የፒሲአይን (ከአይሳ በኋላ የመጣውን የካርድ መሰኪያ) ባሕርይ ከአይሳ መጠበቅ ነው። የፒሲአይ ካርዶች አንድ መስመር ሊጋሩ ይችላሉ፤ የአይሳ ካርዶች ግን በመደበኛው አሠራር አይጋሩም። በተጨማሪም ባዮሱ በጃምፐር የተስተካከለን የአይሳ ካርድ ስለማያየው፣ አይአርኪው 5ን ባዶ መስሎት ለፒሲአይ ካርድ ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ በባዮሱ የፒሲአይ ገጽ ላይ መስመሩን ለአይሳ ካርድ መያዝ፣ ከዚያም የቆየውን የአመዳደብ መረጃ የሚያጠፋውን ምርጫ አንድ ጊዜ ማብራት ያስፈልጋል።

ጃምፐር ቀይሮ ሶፍትዌሩን መርሳትም የተለመደ ነው። የዶስ ጨዋታዎች የሳውንድ ብላስተር ድምፅ ካርድን አድራሻ፣ አይአርኪውና ዲኤምኤ የሚያነቡት ዶስ ሲነሣ በሚነበበው በአውቶኤግዜክ ፋይል ውስጥ ካለው የብላስተር መስመር ስለሆነ፣ እርሱም አብሮ መስተካከል አለበት።

ሁለትና ሦስት ካርድ በአንድ ጊዜ መጨመር ደግሞ የትኛው እንደተጋጨ ማወቅን ያከብደዋል፤ አንዱ ተሰክቶ፣ ተፈትኖ ሌላው ይቀጥል። የኤቲኤክስ ፓወር ሰፕላይ ኮምፒውተሩ ጠፍቶም 5 ቮልት ወደ ማዘርቦርዱ ስለሚልክ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ የኤሌክትሪክ ገመዱ ከግድግዳው መነቀል አለበት።