የአርክቲክን በረዶ የሚተነብይ ሞዴል ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የባሕር በረዶ ትንበያ ለማሽን ለርኒንግ የተዘጋጀ ሥራ ይመስላል። ከ1978 መጨረሻ ጀምሮ (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የማይክሮዌቭ ሳተላይቶች ሁለቱንም ዋልታዎች ሲለኩ ኖረዋል፤ የስድስት ወር ጨለማ አያግዳቸውም፣ ደመናም ብዙ አይከለክላቸውም። ዳታው በነፃ ይወርዳል። ለሕክምና ምስሎች የተሠራውን ዩኔት የተባለ የነርቭ መረብ ወስዶ በ25 ኪሎሜትር ግሪድ ላይ ማሰልጠን አንድ ጎበዝ ተማሪ በጥቂት ቀን የሚጨርሰው ነው። ሞዴሉ ይሠራል፣ ካርታው ያምራል፣ ቁጥሩም ደስ ያሰኛል። ከዚያ ቀጣዩ ሴፕቴምበር ሲመጣ ትንበያውና በረዶው አይገናኙም። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የነርቭ መረቡ አይደለም። ከዚህ በታች ያሉት ናቸው።

ቀኖችን በውዞ መክፈል

ከሁሉም የሚከፋው ይህ ነው፤ ስንቴም ቢነገር አሁንም ይደገማል። ዳታው ይሰበሰባል፣ ይበወዛል፣ 80 በመቶው ለማሰልጠኛ፣ 20 በመቶው ለመፈተሻ ይሆናል። የድመትና የውሻ ፎቶ ቢሆን ችግር የለውም። የዛሬ በረዶ ግን የትናንቱ ነው፤ በአንድ ሌሊት የሚለወጠው ጠርዙ ላይ ያለው ጥቂቱ ብቻ ነው። ሴፕቴምበር 14 ማሰልጠኛ ውስጥ፣ 15 መፈተሻ ውስጥ፣ 16 እንደገና ማሰልጠኛ ውስጥ ከገባ ሞዴሉ ምንም አልተነበየም፤ ግራና ቀኙን አይቶ ክፍተት ሞላ እንጂ። እንዲህ የተገኘ ውጤት መጪውን ጊዜ በተመለከተ ምንም አይነግርም።

የሚከፈለው በሙሉ ዓመት ነው፤ የቆየው ለማሰልጠኛ፣ ቀጥሎ ያለው ለማስተካከያ፣ የቅርቡ ለመፈተሻ። የብሪታኒያ አንታርክቲክ ሰርቬይና የአላን ቱሪንግ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች በ2021 ይፋ ያደረጉት አይስኔት የተባለ የባሕር በረዶ ትንበያ ሞዴል ዳታ የተከፈለው እንዲህ ነው፦ ምልከታዎቹ እስከ 2011 ለማሰልጠኛ፣ 2012–2017 ለማስተካከያ፣ ከ2018 ወዲህ ለመፈተሻ። ሞዴላችሁ ወደ ኋላ 12 ወር የሚያይ ከሆነ በክፍሎቹ መካከል ቢያንስ 12 ወር ባዶ ተዉ።

በዓመት ከከፈሉ በኋላም መረጃው በሌላ በር ሾልኮ ይገባል። የየዕለቱ የብዙ ዓመት አማካይ ከ1979 እስከ ዛሬ ባለው ሁሉ ተሰልቶ ከሆነ የመፈተሻ ዓመቶቹ እዚያ ውስጥ አሉ። ግብዓቱ ደረጃ የሚስተካከልባቸው አማካይና ስታንዳርድ ዴቪዬሽንም እንዲሁ። የኢአርኤ5ን (የአውሮፓ የአየር ትንበያ ማዕከል ምልከታንና ሞዴልን አዋህዶ የሚያዘጋጀው ያለፈ የአየር ሁኔታ ዳታ ነው) የአየር ሙቀት የምትጠቀሙ ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ ኢአርኤ5 የባሕር በረዶን ራሱ አይተነብይም፤ ሽፋኑን ከምልከታ ተቀብሎ ነው ሙቀቱን የሚያሰላው። ስለዚህ በዒላማው ቀን፣ ማለትም በሚተነበየው ቀን፣ ከምድር 2 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው የአየር ሙቀት የዚያን ቀን በረዶ ምስል በውስጡ ይዟል። ያንን ቀን ለሞዴሉ መስጠት መልሱን መስጠት ነው። በሴንቲኔል 1 ሳተላይት ራዳር ምስል የምትሠሩም አንዱን ምስል ቆራርጣችሁ ግማሹን ለማሰልጠኛ፣ ግማሹን ለመፈተሻ አታድርጉ። ምስሉ በሙሉ ወይ እዚህ ወይ እዚያ ይግባ።

ለዚህ አንድ ጉዳይ ይህን ያህል ቦታ የተሰጠው በምክንያት ነው። ፈተናው ንጹሕ ከሆነ ቀጥለው ያሉትን ስህተቶች ራሱ ያሳያችኋል። ፈተናው ካልጸዳ ሁሉንም ይሸፍናቸዋል።

ማነጻጸሪያ ሳይኖር ማወጅ

«ትክክለኛነቱ 95 በመቶ ነው» ማለት ለብቻው ትርጉም የለውም። ከኖርዌይ ጠረፍ ወዲያ ያለው ባሕር በጃንዋሪም በጁላይም ውሃ ነው፤ በክረምት የዋልታው መካከል በረዶ ነው። እነዚህን መገመት ችሎታ አይጠይቅም። ለየወሩ በማሰልጠኛው ዘመን ቢያንስ አንድ ጊዜ ተለውጠው የታዩትን የግሪድ ሕዋሶች ብቻ ቁጠሩ።

ሦስት ቀላል ተፎካካሪዎች ሁልጊዜ ከጎን ይቁሙ። አንደኛው የዛሬው በረዶ ባለበት ይቀጥላል የሚል ነው። ሁለተኛው የብዙ ዓመት አማካይ ከመቀነስ አዝማሚያው ጋር ነው። ሦስተኛው ሁለቱን ያስታርቃል፦ ዛሬ ከአማካዩ ያለውን ልዩነት ወስዶ፣ ከማሰልጠኛ ዓመቶች በተሰላ ቁርኝት አባዝቶ፣ በዒላማው ቀን አማካይ ላይ ይደምራል። ይህ ሦስተኛው በጥቂት መስመር ኮድ የሚጻፍ ነው፤ ሆኖም በቀላሉ የሚሸነፍ አይደለም።

ጠቅላላ ስፋት ብቻ አታወዳድሩ። በባረንትስ ባሕር የበዛው በቦፎርት ባሕር ከጎደለው ጋር ይጣፋና ትንበያው ልክ ይመስላል። በስህተት በረዶ የተባለውንና በስህተት ውሃ የተባለውን ስፋት ደምሩ፤ ሁለቱ እንዳይጣፉ። ስትደምሩም የፖላር ስቴሪዮግራፊክ ግሪድ (ዋልታውን መሐል ያደረገ ጠፍጣፋ ካርታ) «25 በ25» ስለተባለ ሕዋሱን ሁሉ 625 ካሬ ኪሎሜትር አታድርጉት። በሰሜኑ ግሪድ ትክክለኛው ስፋት ከ382 እስከ 664 ካሬ ኪሎሜትር ይለያያል፤ የስፋቱ ፋይል አብሮ ይወርዳል።

ከ250 በላይ ያሉትን ቁጥሮች በረዶ ማድረግ

በአሜሪካው ብሔራዊ የበረዶ ዳታ ማዕከል ናሳ ቲም በተባለው ስሌት የተዘጋጁ ፋይሎች ውስጥ የበረዶ ሽፋን ከ0 እስከ 250 ይጻፋል፤ ለ250 ሲካፈል ከ0 እስከ 1 ይሆናል። ከዚያ በላይ ያሉት መለኪያ አይደሉም፣ ምልክት ናቸው፦ 251 ሳተላይቱ የማያየው የዋልታ ክብ፣ 253 ጠረፍ፣ 254 የብስ፣ 255 የጠፋ ዳታ። ጀማሪ ሁሉንም በአንድ ላይ ለ250 ያካፍላል። የብስ 1.016 ይሆናል፣ የጠፋው 1.02 ይሆናል። ቁጥሩ ከ1 ስላለፈ በ1 ይቆርጠዋል፤ በዚያች ቅጽበት ሳይቤሪያ በሙሉ መቶ በመቶ የባሕር በረዶ ትሆናለች። ሳተላይቱ ያልሠራበት ቀንም ውቅያኖሱ በሙሉ እንደ ቀዘቀዘ ይመዘገባል። ኤክስአሬይ የተባለው የፓይተን ላይብረሪ ማካፈሉን ሳይጠየቅ ስለሚሠራው ኮዱ ውስጥ ስህተቱ በዓይን አይታይም።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ ጥሬውን ቁጥር ክፈቱ። ከ250 በላይ ያለውን ሁሉ ወደ ማስክ (ከስሌት የሚወጡ ቦታዎችን የሚለይ ካርታ) አውጡ። ከዚያ አካፍሉ። ወደ ሌላ ግሪድ መቀየር ካለ መጨረሻ ላይ ይሁን፤ ቀድሞ ከሆነ 254 የሆነው የብስና 0 የሆነው ውሃ ተደባልቀው 127 ይሆናሉ፣ ይኸውም በጠረፉ ሁሉ ላይ ያልነበረ 51 በመቶ በረዶ ነው። ስትጨርሱ ሂስቶግራም ሥሩ። ከ1 በላይ የቆመ ምሰሶ ካለ ተመለሱ።

ነፋሱን ሳያዞሩ ማስገባት

በአዲስ አበባ ኬክሮስ ለዝናብ ትንበያ ኢአርኤ5ን የተጠቀመ ሰው ይህን አስቦት አያውቅም፤ አያስፈልገውምና። እዚያ አንድ ዲግሪ ኬንትሮስ 110 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ ምሥራቅም በካርታው ሁሉ ወደ ቀኝ ነው። በ85 ዲግሪ ሰሜን ግን አንድ ዲግሪ ኬንትሮስ 10 ኪሎሜትር አይሞላም፤ በዋልታው ዙሪያ ደግሞ «ምሥራቅ» ይሽከረከራል።

ከቤሪንግ በኩል ተነሥቶ ዋልታውን አቋርጦ በግሪንላንድና በስቫልባርድ መካከል ወዳለው የፍራም ወሽመጥ የሚነፍስ አንድ ቀጥ ያለ ነፋስ አስቡ። ዋልታው ጋ እስኪደርስ ወደ ሰሜን ስለሚነፍስ ቪ የሚባለው የነፋሱ የደቡብ-ሰሜን ክፍል ፖዘቲቭ ነው። ዋልታውን እንዳለፈ ወደ ደቡብ ስለሚነፍስ ኔጌቲቭ ይሆናል። ነፋሱ አልተለወጠም፤ ቁጥሩ ግን ተገልብጧል። ይህ ሳይታረም ምስልን በትንንሽ ክፍል እየቃኘ ወደሚያነበው የኮንቮሉሽን መረብ ከገባ ሞዴሉ ዋልታው ላይ ሁለት ነፋሶች ሲጋጩ ያያል። በረዶን የሚገፋው ነፋስ ነውና ከዚህ የከፋ ግብዓት የለም።

መፍትሔው አጭር ነው። ዩ የነፋሱ የምዕራብ-ምሥራቅ ክፍል ነው። ቴታ የቦታው ኬንትሮስ ሲቀነስ የግሪዱ ማዕከላዊ ኬንትሮስ ነው። ለሰሜኑ ዋልታ የግሪዱ አግድም ነፋስ ዩ ሲባዛ በኮሳይን ቴታ ሲቀነስ ቪ ሲባዛ በሳይን ቴታ ነው፤ ቋሚው ዩ ሲባዛ በሳይን ቴታ ሲደመር ቪ ሲባዛ በኮሳይን ቴታ ነው። የምስሉ ረድፍ ከላይ ወደ ታች የሚቆጠር ከሆነ የቋሚውን ምልክት ገልብጡ። ለማረጋገጥ የአንድ ቀን የአየር ግፊት መስመሮችን ሣሉና ፍላጻዎቹን ከላዩ አስቀምጡ። ነፋሱ ዝቅተኛውን ግፊት በግራው አድርጎ ከመስመሮቹ ጋር ከሞላ ጎደል ጎን ለጎን መሄድ አለበት። እየቆረጣቸው ከሄደ አላዞራችሁም፣ ወይም በተሳሳተ አቅጣጫ አዙራችኋል። የበረዶ እንቅስቃሴ ፋይሎች አንዳንዶቹ በግሪዱ አቅጣጫ ተዘጋጅተው ስለሚመጡ መግለጫውን አንብቡ፤ ሁለቴ ማዞርም ያው ጥፋት ነው።

ሳተላይቱ ያለውን ሁሉ መቀበል

በጁንና በጁላይ በረዶው ላይ የቀለጠ ውሃ ኩሬ ይሠራል። ለማይክሮዌቭ ዳሳሽ ኩሬውና ክፍት ባሕሩ አንድ ናቸው፤ ስለዚህ በበጋ ሽፋኑ ካለው በታች ይለካል። የሞዴሉን የበጋ ስህተት ከመቁጠራችሁ በፊት የመለኪያውን ስህተት አስቡ። ሳተላይቶቹም ተለዋውጠዋል። ኒምቡስ 7 ከ84.5 ዲግሪ በላይ አያይም ነበር፤ ከ1987 ጀምሮ የነበሩት እስከ 87.2፣ የኋለኞቹ እስከ 89.2 ዲግሪ ያያሉ። ሞዴሉ የክቡን መጥበብ የበረዶ ለውጥ አድርጎ እንዳይማር በመላው ዘመን ትልቁን ክብ ማስክ ማድረግ ይሻላል። ከዲሴምበር 1987 መጀመሪያ እስከ ጃንዋሪ 1988 አጋማሽ ያለውን ክፍተት ደግሞ ከግራና ቀኝ ቀኖች ገምታችሁ አትሙሉት፤ ጣሉት።

አማካይ ወስዶ 15 በመቶ ላይ መቁረጥ

የበረዶ ጠርዝ በልማድ ሽፋኑ 15 በመቶ የደረሰበት ነው። አሥር ሞዴሎች አሉ እንበል። ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ ሙሉ በረዶ፣ ስምንቱ ንጹሕ ውሃ አሉ። አማካዩ 20 በመቶ ነውና ቦታው «በረዶ» ይባላል፣ ከአሥሩ ስምንቱ ውሃ ባሉበት። በጠርዙ ሁሉ ላይ ይህ ሲደጋገም የተተነበየው ስፋት ያብጣል። መጀመሪያ እያንዳንዱን ሞዴል በ15 በመቶ ቁረጡ፣ ከዚያ ስንቱ በረዶ እንዳለ ቁጠሩ፤ 2 ከ10 ማለት 20 በመቶ ዕድል ነው። አንድ ሞዴል ብቻ በካሬ ስህተት ሲሰለጥንም ያው ይሆናል፤ እርግጠኛ ባልሆነበት ቦታ መሐል ቁጥር ይሰጣልና ጠርዙ ይደበዝዛል።

በአጭሩ የሚታለፉ

ዳታ ለማብዛት ካርታውን አትገልብጡ፤ የተገለበጠ አርክቲክ ነፋሱና በረዶው ወደ ተሳሳተ ጎን የሚታጠፉበት ዓለም ነው። በአርክቲክ የሠለጠነውን ወደ አንታርክቲካ አትውሰዱ፤ እዚያ በረዶው አህጉሩን ከብቦ ወደ ክፍት ውቅያኖስ ይሰፋል፣ አብዛኛውም በየዓመቱ ይቀልጣል፣ ከ2016 ወዲህም ባሕርዩ ከቀደመው ዘመን ተለይቷል። በማርች ተነሥታችሁ ስለ ሴፕቴምበር በልበ ሙሉነት አትናገሩ፤ የማቅለጫው ወቅት ሳይጀምር የሽፋን ካርታ ስለ መጪው በጋ የሚነግረው ጥቂት ነው። እዚያ ላይ የሚረዳው ውፍረት ነው። የክራዮሳት 2 ሳተላይት የተለመደው የውፍረት ዳታ ግን ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል ብቻ ስለሆነ የበጋውን ባዶ በዜሮ አትሙሉ።

በማኅደር ዳታ አሠልጥኖ በዕለት ዳታ ማሠራት

ኢአርኤ5 የሚደርሰው አምስት ቀን ያህል ዘግይቶ ነው። ለፈጣን አገልግሎት የሚለቀቀው የበረዶ ካርታም በኋላ ተጣርቶ ማኅደር ከሚገባው ይለያል። ሞዴሉ በተጣራው ሠልጥኖ ባልተጣራው ሲሠራ የፈተናው ውጤት አይደገምም። በ2025 አጋማሽ የአሜሪካ መከላከያ ዲኤምኤስፒ የተባሉትን የአየር ሁኔታ ሳተላይቶቹን ዳታ ማሰራጨት እንደሚያቆም አስታወቀ፤ ቀነ ገደቡ በኋላ ቢራዘምም በአንድ ምንጭ ላይ ብቻ የቆሙ ሥራዎች ምን ያህል አደጋ ላይ እንደሆኑ ታየ። የጃፓኑ የማይክሮዌቭ ዳሳሽ ኤኤምኤስአር2 ከ2012 ጀምሮ አብሯቸው ሲለካ ስለኖረ ሁለቱ የተደራረቡበት ረጅም ጊዜ አለ፤ ልዩነታቸውን ከዚያ ላይ በየወሩና በየአካባቢው አስሉ፣ ያለ ማስተካከያ አትተኩ። ከዛሬ ጀምሮም በየቀኑ የደረሰውን ፋይል በደረሰበት መልኩ፣ ከደረሰበት ሰዓት ጋር አስቀምጡ። ከአንድ ወቅት በኋላ ሞዴሉን በእነዚያ ፋይሎች ብቻ፣ በዚያ ሰዓት በእጅ ያልነበረውን ሁሉ ከልክላችሁ እንደገና አሂዱና ውጤቱን ከማኅደሩ ፈተና አጠገብ ጻፉት። ለመርከበኛው የሚነገረው ቁጥር ይኼኛው ነው።