ውጭ አገር ያረፈ ዘመድ፤ እዚያው ይቀበር፣ ደሴ ይምጣ ወይስ ይቃጠል?

መርዶው ከባሕር ማዶ ሲመጣ ከሁሉ በፊት አስከሬኑ እንዲቃጠል ማንም እንዳይፈርም አድርጉ። አሜሪካና አውሮፓ ማቃጠል ከመቅበር በዋጋ ስለሚረክስ፣ የሟችን እምነት የማያውቅ ሰው በቅንነት ሊስማማበት ይችላል። በአብዛኛው ቀዳሚው ፈራሚ የትዳር ጓደኛ ነው፤ ቀጥሎ አካለ መጠን የደረሱ ልጆች፣ ከዚያ ወላጆች። ባል ወይም ሚስት ከፈረሙ የወንድም ተቃውሞ ብዙም አይሰማም። በብዙ የአሜሪካ አካባቢዎች ደግሞ የሚረከበው ያጣ አስከሬን በመንግሥት ወጪ ይቃጠላል። ስለዚህ በዚያው ቀን እዚያ ያለ ዘመድ ሆስፒታሉንና የቀብር አስፈጻሚውን ድርጅት በጽሑፍ ያሳውቅ።

ማቃጠል መመለሻ የለውም። ከ760 እስከ 980 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ቆይቶ የሚቀረው ተፈጭቶ የሚሰጥ አጥንት ነው፤ ከ2 እስከ 3 ኪሎ። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት መቅበር ነው፣ እስልምናም ማቃጠልን ይከለክላል። ነገሩ ካለፈ ግን ቤተሰቡ አይካሰስ። አመዱ ራጅ በሚያሳልፍ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ዕቃ፣ ከምስክር ወረቀቱ ጋር ይምጣ፤ ከመምጣቱ በፊት የንስሐ አባትን አማክሩ።

አሁን እዚያ ወይስ እዚህ የሚለው ይቀራል። ሟች የተናዘዘው ካለ እሱ ይቅደም። ለሙስሊም ቤተሰብ ጀናዛን አለማቆየት ስለሚወደድ፣ የሚያጥብና የሚሰግድ ካለ እዚያው መቅበሩ የተሻለ ነው ብለን እናምናለን። ለክርስቲያንም ቢሆን ቄስ ከተገኘ እዚያ ተፈትቶ ይቀበራል፤ የአርባው ተዝካር ደሴ ይወጣል። እናት ግን አፈሩን ካላየሁ ካለች፣ ያ ሐዘን ቀላል አይደለምና አቅም ካለ አምጡት።

ለማምጣት የሞት የምስክር ወረቀት፣ አስከሬኑ በመድኃኒት መጠበቁን የሚገልጽ ወረቀት፣ ተላላፊ በሽታ እንደሌለ የሚያረጋግጥ የጤና ማስረጃ፣ የሟች ፓስፖርትና የኤምባሲያችን ፈቃድ ያስፈልጋሉ። አንዱ ከጎደለ ሳጥኑ ካርጎ ላይ ይቆማል። ክፍያው በኪሎ ነው፤ ዚንክ የተለበጠ ሳጥን ደግሞ ከባድ ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ የታሸገ ሳጥን ደሴ ደርሶ አይከፈትም። እጥበቱ፣ ግንዘቱ ወይም ከፈኑ (ለወንድ 3፣ ለሴት 5 ጨርቅ) ከመታሸጉ በፊት እዚያው ያልቃል። ሙስሊም ከሆነ በቀኝ ጎኑ ይተኛ። የራሱ በኩል ሳጥኑ ላይ በጉልህ ይጻፍ። መካ ከደሴም ከኮምቦልቻም በስተሰሜን ስለሆነች የሁለቱም እምነት መቃብር ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይረዝማል፤ የራሱ አቅጣጫ ግን ተቃራኒ ነው። ክርስቲያኑ ራሱ ወደ ምዕራብ ሆኖ ወደ ምሥራቅ ያያል፤ ሙስሊሙ ራሱ ወደ ምሥራቅ ሆኖ ወደ ቂብላ። ምልክት ከሌለ ለቀስተኛው መቃብር አፍ ላይ ቆሞ ይከራከራል።

ለቅሬው (ለቀብር ዕድሩ) ዳኛ አስቀድማችሁ ሁለት ነገር ንገሩ፦ የሳጥኑን ርዝመትና ስፋት በሴንቲሜትር፣ እንዲሁም የሚደርስበትን ሰዓት። የውጭ ሳጥን ከአገር ቤቱ ስለሚተልቅ በተለመደው ልክ የተቆፈረ ጉድጓድ አይበቃውም። ቅሬው ውጭ ለሞተ ይከፍል እንደሆነም ደንቡን ጠይቁ። ቤተኛው ማለዳ ተረድቶ እስኪያበቃ ፎቶ ፌስቡክ ላይ እንዳይወጣ አደራ።

ከቦሌ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወደ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን ለማምጣት ካሰባችሁ ሳጥኑ በጭነት በሩ መግባቱን በልኩ አረጋግጡ። በመኪና ከሆነ ሌሊት ተነሡ፤ ክረምት ላይ ጣርማ በርና ሐረጎ ጭጋግ ስለሚይዛቸው ቀብሩን ጠዋት አትቅጠሩ።

ዋናውን የሞት ማስረጃ ከቀብሩ ጋር አትጣሉት። በኤምባሲ ካልተረጋገጠና ካልተተረጎመ ለወራሽነትም ሆነ ለባንክ ገንዘብ ከቢሮ ቢሮ ያመላልሳችኋል።