የተዘነጋን አልበም በፍትሕ ለማድመጥ፦ ለባሕር ዳር አድናቂዎች መመሪያ

የአንድ አንጋፋ ድምፃዊ ብዙም ያልተወራለት ካሴት ሲነሣ አንዱ «ከሥራዎቹ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው» ይላል፣ ሌላው ደግሞ «እሱንስ ባያወጣው ይሻል ነበር» ይላል። ክርክሩ መቋጫ የሚያጣው ብዙ ጊዜ በጣዕም ልዩነት አይደለም። ተከራካሪዎቹ የሰሙት አንድ ነገር ስላልሆነ ነው። አንዱ ኦሪጅናሉን ገዝቶ ሰምቷል፣ ሌላው የኮፒ ኮፒ ደርሶታል፣ ወጣቱ ደግሞ ፍጥነቱ የተዛባና ሁለት ዘፈን የጎደለው ቅጂ ዩቲዩብ ላይ አግኝቷል። ስለዚህ ከክርክሩ በፊት ሁሉም አንድ ድምፅ የሚሰማበትን መንገድ ማመቻቸት ያስፈልጋል።

ካሴቱን መምረጥ

ከተቻለ ከሁለት ሰው ሁለት ኦሪጅናል ተዋሱ፤ አንዱ የጎዳውን ሌላው ይሞላል። ኦሪጅናል የሚባለው የታተመ ሽፋን ያለውና የግጥም፣ የዜማና የቅንብር ባለቤቶች የተጻፉበት ነው። በባዶ ካሴት የተቀዳ ኮፒ ከሆነ ርዝመቱን ከሽፋኑ የዘፈን ዝርዝር ጋር አመሳክሩ። ባለ 60 ካሴት በአንድ ጎን የሚይዘው 30 ደቂቃ ነው፤ የአልበሙ አንድ ጎን ከዚያ ካለፈ የመጨረሻው ዘፈን መሐል ላይ ተቆርጧል ማለት ነው። «መጨረሻው አይረባም» ከሚሉት ውስጥ መጨረሻውን ጭራሽ ያልሰሙት ብዙ ናቸው።

ሽፋኑ ላይ ያለውን ዓመት በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ሳታረጋግጡ አትመኑት። «1985» የሚለው በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ደርግ በግንቦት 1983 ከወደቀ በኋላ የወጣ ሥራ ነው። በፈረንጆቹ ከሆነ ግን 1977 ወይም 1978 ዓ.ም. ነው፤ ግጥም በሳንሱር የሚያልፍበት፣ ሰዓት እላፊ ያለበት ዘመን። አንድን ስንኝ «ፈራ ተባ ያለ» ብሎ ለመውቀስም ሆነ በቅኔነቱ ለማድነቅ ይህን ማወቅ ግድ ነው።

ቴፑን ማሰናዳት

ሐይቁ ዳር ባለ ቤት ክረምቱን የከረመ ካሴት እርጥበት ይዞ ሊሆን ይችላል። በካሴቱ መስኮት በኩል ክሩን በብርሃን እዩት። እንደ ዱቄት ነጭ ነገር ከታየ ሻጋታ ነውና አታጫውቱት፤ ሻጋታው ወደ ሄዱ (ክሩን ወደሚያነበው የቴፑ ክፍል)፣ ከሄዱም ወደ ሌላው ካሴት ይሻገራል። ጥሩ ካሴት ከሆነ ግን መጀመሪያ በእስክሪብቶ ጥቂት አዙራችሁ የላላውን ክር ወጥሩ፣ ከዚያ በቴፕ እስከ መጨረሻው አስኪዳችሁ መልሱት። ክሩን ሄዱ ላይ የምትጫነው ትንሿ ጨርቅ ወድቃ ከሆነ ድምፁ ይታፈናል፣ ከፍ ዝቅም ይላል። እንዲህ ሲሆን ክሩን በብሎን ወደሚከፈት ሌላ የካሴት ቤት ማዛወር ነው። ሥራው ዐሥራ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ዋናው ክሩን በጣት አለመንካት ነው።

ሄዱን በጥጥና በአልኮል ጥረጉ። 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አልኮል ይመረጣል። ያገኛችሁት የፋርማሲው 70 በመቶ ከሆነ ውሃ ስላለበት በደንብ እስኪደርቅ ጠብቁ። ክሩን የምትጎትተውን ጎማ ግን አልኮል ያደርቃታልና በለዘብተኛ ሳሙናና በረጠበ ጨርቅ ጥረጓት። ቴፕ ካሴት «በላ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ይህች ጎማ ስትቆሽሽ ወይም ስትደርቅ ነው።

ፍጥነት ላይ ጊዜ ውሰዱ፤ ፍርድ የሚያዛባው ከሁሉ በላይ እሱ ነው። የቴፑ ፍጥነት በ6 በመቶ ከጨመረ ድምፁ በግማሽ ድምፅ ያህል ከፍ ይላል፤ የጎልማሳ ድምፅ የልጅ ይመስላል፣ እርጋታው ይጠፋል። ከቀነሰ ደግሞ ድምፃዊው የደከመው ይመስላል። ለመፈተሽ በሲዲም ያላችሁን ሌላ ኦሪጅናል ካሴት አጫውቱና አንዱን ዘፈን በሰዓት ለኩ። በሲዲ 5 ደቂቃ የሆነው በቴፑ 4 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ካለቀ ቴፑ በ6 በመቶ ይፈጥናል። በብዙ ቴፖች ሞተር ጀርባ ላይ ባለች ቀዳዳ በቀጭን ብሎን መፍቻ ይስተካከላል። ድምፁ የሚወዛወዝ ከሆነ ግን ችግሩ የላላው ቀበቶ ነው፤ ይቀየር።

ድምፁ የታፈነ ከመሰለ «ዶልቢ» የሚለው ቁልፍ በርቶ እንዳይሆን እዩ። ሽፋኑ ላይ የዶልቢ ምልክት ከሌለ ይጥፋ። ያም ካልረዳ ከሄዱ አጠገብ ያለችውን ብሎን በጥቂቱ እያዞራችሁ የጸናጽሉ ድምፅ ጥርት የሚልበትን ቦታ ፈልጉ። የነበረችበትን ምልክት አድርጉ፤ ለሌሎቹ ካሴቶች መመለስ አለባት።

መቅዳት

ከቴፑ የመስመር መውጫ («LINE OUT») ወደ ዩኤስቢ ድምፅ ካርድ፣ ከዚያ ወደ ኮምፒውተር። በላፕቶፑ የማይክራፎን ቀዳዳ መቅዳት አይሆንም፤ አብዛኛውን ጊዜ የግራና የቀኙን ድምፅ አንድ ያደርጋል፣ ድምፁንም ያንኮሻኩሻል። ኦዳሲቲ በተባለው የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም 48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት፣ ከፍተኛው ነጥብ ከ-6 ዴሲቤል እንዳያልፍ አድርጉ። አንድ ሰዓቱ ወደ 1 ጊጋባይት ይመጣል። የክሩን ሹክሹክታ የሚያጠፋ ማጣሪያ አትጠቀሙ፤ ከሹክሹክታው ጋር የድምፃዊውን ትንፋሽ ይዞት ይሄዳል።

ቀኑና ቦታው

ከስምንት እስከ ዐሥራ ሁለት ሰው ይበቃል። ሐይቁ ዳር ያለ መናፈሻ ቢያምርም ለዚህ አይሆንም፤ ነፋሱና የጀልባው ሞተር አለ፣ ባስ ጊታሩም ሜዳ ላይ ይበተናል። መጋረጃና ምንጣፍ ያለው ሳሎን ይሻላል። ሁለቱን ስፒከሮች በ2 ሜትር ርቀት አቁሙ፤ አድማጩም እንዲሁ 2 ሜትር ያህል ይራቅ። መብራት ሊሄድ ስለሚችል ላፕቶፑ ሙሉ ቻርጅ ይኑረው፣ ለስፒከሮቹም ዩፒኤስ ይዘጋጅ። እሑድ ከሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጥሩ ነው። ዐቢይ ጾም ላይ አትቅጠሩ፤ ዘፈን የማይሰሙ ብዙ ናቸው፣ ከቀሩት መካከል ደግሞ ካሴቱ ሲወጣ የገዙት ትልልቆቹ ይኖራሉ።

ቡናው በሁለቱ ጎን መካከል ባለው ዕረፍት ይፈላ። ሙቀጫው እየተወቀጠ ዘፈን አይደመጥም።

ማድመጥና መናገር

ከቢ ጎን ጀምሩ። ሙዚቃ ቤቶች በየደጃፋቸው የሚያስጮኹት የኤ ጎንን የመጀመሪያ ዘፈን ስለነበር ብዙ ሰው አልበሙን የሚያውቀው በእሱ ብቻ ነው። የማይታወቀውን ጆሮ ሳይደክም መስማት ያስፈልጋል።

በወጋችን ትልቅ ሰው ሲገኝ ቀድሞ ይናገራል፤ ጋሼ አንዴ «ይሄማ ቀሽም ነው» ካሉ በኋላ ወጣቱ ተቃራኒውን ለመናገር ያፍራል። ክብሩን ሳይነኩ ይህን ማለፊያው መንገድ ወረቀት ነው። እያንዳንዱ ሰው በየዘፈኑ ስለ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብርና አዘፋፈን አንድ አንድ መስመር ይጻፍ፣ ወረቀቱም ከንግግሩ በፊት ይሰብሰብ። ስም አያስፈልግም። ነጥብ መስጠትም አያስፈልግም፤ «ከዐሥር ሰባት» ስለ ዘፈኑ ምንም አይናገርም። ወረቀቶቹ ከተነበቡ በኋላ ጋሼ እንደ ወጉ ይጀምሩ።

ቅሬታዎቹን መፈተሽ

«የትንፋሽ መሣሪያ የለውም፣ ኪቦርድ ብቻ ነው» የሚለው በብዛት ይመጣል፤ እውነትም ሊሆን ይችላል። ግን ኪቦርድ መኖሩ ሳይሆን ምን እንደሠራ ነው መጠየቅ ያለበት። ችክችካውን በእጃችሁ እያጨበጨባችሁ ድራም ማሽኑን ተከተሉት፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዳች ሳይለወጥ ከሄደ ቅሬታው ልክ ነው። በየአዝማቹ መግቢያ የሚሸጋገር ከሆነ፣ ባሱም ከግጥሙ ጋር የሚመላለስ ከሆነ አቀናባሪው አስቦበታል። ለዘመኑ ድምፅ ጆሮ ሲቀየርም ታይቷል፦ የኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በአኮርዲዮን፣ በኪቦርድና በድራም ማሽን የሠራው ካሴት በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና ታትሞ በዓለም መድረክ አዲስ አድማጭ አግኝቷል። ወጣቶች «እውነተኛው የኢትዮጵያ ሙዚቃ» የሚሉት የሳክስፎንና የትራምፔት ዘመን ብቻ የሆነው በከፊል «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ የወጡት ሲዲዎች በአብዛኛው ያንን ዘመን ስለመረጡ ነው።

«ድምፁ ደክሟል» ለሚለው የሙዚቃ መሣሪያ መቃኛ (ቲዩነር) የስልክ መተግበሪያ አምጡና የዘፈኑን መነሻ ድምፅ ከቀድሞ ሥራው ጋር አወዳድሩ። ቅኝቱ ያው ትዝታ ወይም ባቲ ሆኖ መነሻው በአንድ ወይም በሁለት ድምፅ ቢወርድ የዕድሜ ነገር ነው፤ ጉድለት አይደለም። የሚታየው የስንኙ መጨረሻ ነው፦ እስከ ቤት መምቻው ቃል በአንድ ትንፋሽ ይደርሳል ወይስ መሐል ላይ ይቆርጣል? አምባሰልን ለጆሮው የለመደ የወሎና የጎጃም ሰው ይህን ማንም ሳይነግረው ይለየዋል።

«እንደ ድሮው አይደለም» የሚል ካለ የትኛው ዘፈን፣ ከየትኛው ጋር ሲወዳደር ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካለው ሁለቱን አከታትላችሁ አሰሙ፤ ከሌለው ወደ ቀጣዩ እለፉ።

ከዚያ በኋላ

የተሰበሰበውን አስተያየት በአንድ ገጽ ስትጽፉ የተስማማችሁበትን ብቻ አትጻፉ፤ የተለየውን በሙሉ ቃሉ አስገቡ፣ የሰማችሁት የትኛው ቅጂ እንደሆነም ጨምሩ። ገጹን ለማንም መስጠት ይቻላል። የቀዳችሁትን ድምፅ ግን ኢንተርኔት ላይ አትጫኑ፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለድምፃዊውም ለአሳታሚውም መብት ይሰጣል፣ ብዙዎቹ አንጋፋዎችም ከእነዚያ ካሴቶች ያገኙት ጥቂት ነው። እንደገና እንዲታተም የምትፈልጉ ከሆነ ገጹንና ንጹሑን ቅጂ ለራሱ ለድምፃዊው ወይም ለቤተሰቡ ላኩ።