ሥራ ሲቀዘቅዝ ሐሳብም እንዳይቀዘቅዝ፦ የሐበሻ ልብስ ዲዛይነሮች በክረምት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የጥርና የግንቦት ሠርግ አልፏል። የሰኔ ጾም ሲፈታ ብዙም ሳይቆይ ፍልሰታ ይገባል፤ በአዲስ አበባው የሐበሻ ልብስ ገበያ፣ በሽሮ ሜዳ፣ ሱቁ ክፍት ነው፣ ገዢው ግን ሳስቷል። በዚህ ወቅት የሐበሻ ቀሚስ የሚነድፍ ሰው ገበያውን ካማረረ በኋላ ወደ ራሱ ይዞራል፤ «አዲስ ነገር አልመጣልኝ አለ» ይላል። እንዴት ይምጣለት? የሚፈልገው ከሌለበት ነው።

ስልክ ላይ ማፍጠጥ

ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። ዝናቡ ከቤት አያስወጣምና ቀኑ በቴሌግራምና በቲክቶክ የሌሎችን ቀሚስ በማየት ያልቃል። እዚያ የሚታየው ቀድሞ የተሸጠው ነው። ጎረቤት ሱቅ ያለውም ያንኑ ሲያይ ስለሚውል፣ መስከረም ሲጠባ አንድ ዓይነት አንገትና አንድ ዓይነት ጥለት ከየሱቁ ይወጣል። ያኔ ደንበኛዋ የምታወዳድረው ዋጋ ብቻ ይሆናል። ማየት ካልቀረ የእናትዎን ሣጥን ከፍተው የቆየ ኩታ ጠርዙን ይመልከቱ፤ ዛሬ የተረሳ የቀለም አጣጣል ያገኙበታል።

ሸማኔውን በስልክ ማዘዝ

ጥለት ጨርቅ ላይ የሚለጠፍ ሥዕል አይደለም። ሸማኔው የድሩን ክር እየቆጠረ ባለቀለሙን ክር ያስገባበታል። ስለዚህ ወረቀት ላይ እንደ ልብ የዞረ መስመር ሸማው ላይ ደረጃ ደረጃ ሆኖ ይወጣል። ይህን የማያውቅ ዲዛይነር ክብ ነድፎ ይልክና የመጣለትን ሲያይ ሸማኔውን ይወቅሳል። የሚያውቀው ክቡን ለጥልፍ ትቶ ጥለቱን ከቀጥታ፣ ከሰያፍና ከመስቀለኛ መስመር ያወጣል።

መፍትሔው ሸማኔው የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ሲሠራ አጠገቡ መዋል ነው። ትዕዛዝ ሲቀንስ እሱም ለሙከራ ጊዜ ያገኛል፤ በጥር እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ሰው ቢባረርም አይፈረድበትም። «ይህን ጥለት ገልብጠህ ብትሠራውስ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ከብዙ ሰዓት የስልክ ፍለጋ ይበልጣል። የሙከራውን ክፍያ ግን አይከራከሩ፤ የሰው ቀን ነው።

ሙዚየም ገብቶ ፎቶ አንስቶ መውጣት

ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የመስቀል ዓይነቶች ሞልተውታል። ሁሉንም ፎቶ ያነሳ ሰው አንዱንም አላየም። አንድ መስቀል መርጠው በእርሳስ ይሳሉት፤ መስመሩ የት እንደሚታጠፍና ክፍተቱ የት እንደሚሰፋ የሚገባው እጅ ሲከተለው ነው። በብራና መጻሕፍት ገጽ ላይ የሚሣለው ጌጥ፣ ሐረጉም፣ እንዲሁ ነው፤ ጥምዝምዙ ለሽመና ቢያስቸግርም ለጥልፍ የተፈጠረ ይመስላል።

ታዲያ መስቀሉን ቀሚስ ጫፍ ላይ፣ ጭቃ የሚረጨው ቦታ ላይ ማዋል «ፈጠራ» አይባልም። ብዙ ሰው ቅር ይለዋል፤ እኔም አንዱ ነኝ።

ክረምቱን ባዶ ወቅት ማድረግ

በነሐሴ አጋማሽ በትግራይ አሸንዳ፣ በዋግ ኽምራ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በቆቦ ሶለል ይከበራል። ልጃገረዶቹ ቀሚሱን ከሹሩባው፣ ጌጡን ወገባቸው ላይ ከሚያስሩት ቅጠል ጋር እንዴት እንደሚያስማሙ የተመለከተ ዲዛይነር ሐሳብ አጣሁ ሊል አይችልም። ያየውን ከወሰደ ግን የየት መሆኑን ለደንበኛው ይንገር፤ ሁሉንም በአንድ ስም መጥራት ባለቤቶቹን ያስከፋል።

በመብራት ቀለም መምረጥ

ደመናው ሱቁን ስለሚያጨልመው ክር በአምፖል ብርሃን ይመረጣል፤ ውጭ ሲወጣ ቀለሙ ሌላ ነው። በር ላይ ወጥተው ይምረጡ።

ጳጉሜን መጠበቅ

ብዙዎቹ የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ጋሞዎች ናቸው፤ ለመስቀል አገራቸው ይገባሉ። ለዘመን መለወጫ የሚሆነው ትዕዛዝም በነሐሴ መጨረሻ ስለሚጣደፍ ያኔ አዲስ ጥለት የሚሞክርልዎ አያገኙም። ሐሳቡን በሐምሌ በአንገት ልብስ ላይ ያሠሩት፤ ክሩም ወጪውም ትንሽ ነው። ካማረ ወደ ቀሚስ ያሳድጉታል፣ ካላማረ ሸማኔው ከመሄዱ በፊት የሚያርሙበት ጊዜ አለዎት።