የእግረኛ መንገዱን የሚቆራርጡትን የመኪና መግቢያዎች እንዴት አስወገድናቸው
በመልሶ ማልማት ፕላኑ የእግረኛ መንገዱ 3 ሜትር ስፋት ነበረው። ችግሩ እያንዳንዱ ሕንፃ ለምድር ቤት መኪና ማቆሚያው የራሱን መግቢያ ከዋናው መንገድ ማውጣቱ ነው። ጠርዙ በየመግቢያው ዝቅ ስለሚል ወለሉ ይወጣል ይወርዳል፤ ዊልቸር ወይም የሕፃን ጋሪ የሚገፋ ሰው አስፋልቱን ይመርጣል።

መግቢያዎቹን በሙሉ ከብሎኩ ጀርባ ባለው፣ 6 ሜትር ስፋት ባለው የጋራ መንገድ ላይ ሰበሰብናቸው። ይህ መንገድ ከዋናው ጋር ሲገናኝ መሻገሪያው ከእግረኛ መንገዱ ጋር እኩል ከፍታ ስላለው እግረኛው አይወርድም፤ 15 ሳንቲ ሜትር የሚወጣው መኪናው ነው። የጎርፍ ማስገቢያው ፍርግርግ ግን ውሃው ከሚመጣበት ወገን፣ ከመሻገሪያው በፊት ይቀመጥ፤ አለዚያ በክረምት ውሃ ይቋጠራል። የእግረኛ መንገዱ የጎን ተዳፋት፣ ማለትም ወደ አስፋልቱ ያለው ዝንባሌ፣ ከ2 በመቶ አይለፍ፤ ካለፈ ዊልቸሩን ወደ አስፋልት ይጎትተዋል። ዛፍና የመብራት ምሰሶ ከጠርዙ አጠገብ ባለው 1 ሜትር ውስጥ ይግቡ። ቀሪው 2 ሜትር መተላለፊያ ነው፤ ለማስታወቂያ ሰሌዳም ቢሆን አይሰጥም።