የቻይኮቭስኪን «ሮሜዎና ዡልየት» ኦቨርቸር እንዴት ማድመጥ ይቻላል

ፒዮትር ቻይኮቭስኪ ይህን ያለ ድምፃዊ በኦርኬስትራ ብቻ የሚቀርብ ድርሰት የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1869፣ በ29 ዓመቱ፣ አቀናባሪው ሚሊ ባላኪረቭ የሼክስፒርን ተውኔት መነሻ እንዲያደርግ ከጎተጎተው በኋላ ነው። ሙዚቃው ታሪኩን ከትዕይንት ወደ ትዕይንት አይተርክም፤ ሦስት ዜማዎችን ያጋጥማል እንጂ። ስለዚህ የአድማጩ ዋና ሥራ ሦስቱን ለይቶ ማወቅ ነው።

በመጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1880 የተጠናቀቀውን፣ ዛሬ በብዛት የሚቀርበውን ቅጂ ይምረጡ። ርዝመቱ 20 ደቂቃ ያህል ነው። ተውኔቱን በከበደ ሚካኤል ትርጉም ያነበበ ሰው ዝግጁ ነው፤ ላላነበበው ግን የሁለቱን ቤተሰቦች ጠብ፣ የፍቅረኞቹን ሞትና በምስጢር ያጋባቸውን መነኩሴ ማወቅ ይበቃዋል።

ቀጥሎ መግቢያውን በትዕግሥት ያድምጡ። ክላርኔቶችና ባሱኖች (የእንጨት ትንፋሽ መሣሪያዎች) ዝግ ብለው የሚያሰሙት መዝሙር መሰል ዜማ የመነኩሴው ነው። ከዚያ ፈጣኑ የጠብ ዜማ ይፈነዳል፤ ሲምባሉ (እርስ በርስ የሚጋጩት የብረት ሳህኖች) ባልተጠበቀ ቦታ ሲመታ የሰይፍ ግጭት ይመስላል።

ሰባተኛው ወይም ስምንተኛው ደቂቃ አካባቢ (እንደ ኦርኬስትራው መሪ ፍጥነት ይለያያል) የፍቅሩ ዜማ ይገባል፤ እዚህ ላይ ሌላ ሥራ ሁሉ ይቁም። ዜማውን መጀመሪያ የሚያሰሙት እንግሊዝ ሆርን (የኦቦ ዘመድ የሆነ የእንጨት ትንፋሽ መሣሪያ) እና ድምፃቸው የታፈነ ቪዮላዎች (ከቫዮሊን ተለቅ ያሉ ባለ ክር መሣሪያዎች) ናቸው። ጥቂት ቆይቶ ፍሉትና ኦቦ ሲቀበሉት፣ ከሥር ሆርኑ (እንግሊዝ ሆርን ሳይሆን የተጠቀለለው የነሐስ ትንፋሽ መሣሪያ) ሁለት ኖታዎችን እየደጋገመ ያቃስታል። ብዙ ሰው ዋናውን ዜማ ብቻ ተከትሎ ይህን ያልፈዋል፤ በእኔ እምነት ግን የክፍሉ ናፍቆት ያለው እዚያው ሆርኑ ላይ ነው።

ከዚያ ጠቡ ሲመለስ የመነኩሴው ዜማ በመካከሉ ይሰማል፤ መጀመሪያ በሆርኖች በቀስታ፣ በኋላ በትራምፔቶች በኃይል፣ ሊያስታርቅ የሚጥር ይመስል። የፍቅሩ ዜማ በቫዮሊኖች እስከ ጫፍ ከወጣ በኋላ ጠቡ ሲሰባብረው ልብ ይበሉ። በመጨረሻ ቲምፓኒው (የኦርኬስትራው ትልቅ ከበሮ) የቀብር ምት ሲመታ፣ ያው ዜማ በሐዘን ተቆራርጦ ይመለሳል።

ሥራውን ሲለምዱት የ1869ኙን ቅጂ ፈልገው ያነጻጽሩ። የፍቅሩ ዜማ እዚያም አለ፤ የመነኩሴው መዝሙር ግን የለም፤ ቻይኮቭስኪ ያስገባው ባላኪረቭ የመጀመሪያውን መግቢያ ከነቀፈ በኋላ ነው።