የጋላክሲ ስብስቦች ሲጋጩ በጋዙ ላይ የሚታየውን ጠርዝ እንዴት እንለየው?

ሁለት አነስተኛ የጋላክሲ ስብስቦች ሲጋጩ ከዋክብቱ ሳይነካኩ ይተላለፋሉ። የሚላተመው ስብስቦቹን የሞላው ጋዝ ነው። ጋዙ 10 ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ ስለሚግል የሚያበራው በኤክስሬይ ነው፤ ኤክስሬይን ደግሞ ከባቢ አየራችን ስለሚውጠው ከሕዋ ሆኖ ማየት ግድ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. የመጠቁት የኤክስሬይ ቴሌስኮፖች ቻንድራና ኤክስኤምኤም-ኒውተን የሰበሰቡት አብዛኛው ዳታ ለማንም ክፍት ነው። እኔ ጠርዝ፣ ማለትም የጋዙ ድምቀት በድንገት የሚቀየርበትን መስመር፣ ስፈልግ ቻንድራን እመርጣለሁ፤ ምስሉ በጣም የጠራ ነው።

መጀመሪያ ዳታውን አጽዱ። የፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ቆጠራው በድንገት ያሻቀበባቸውን ደቂቃዎች ቁረጡ፤ ኃይላቸው ከ0.5 እስከ 2 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት (የፎቶን ኃይል መለኪያ) የሆኑትን ብቻ አስቀሩ፤ እንደ ነጥብ የሚያበሩትን አካላት ሸፍኑ። ምስሉን እያንዳንዱ ፒክሰል ምን ያህል እንደተጋለጠ በሚያሳየው ካርታ ማካፈልን አትርሱ። እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ ጠርዝ ከታያችሁ በካሜራው ቺፖች መካከል ያለው ክፍተት እንዳይሆን ጠርጥሩ።

ዋናው ሥራ ከዚህ በኋላ ነው። የመጀመሪያውን ጥርት ያለ ጠርዝ ያገኘሁ ቀን ሌሊቱን ሳልተኛ «የሾክ ሞገድ» (ከድምፅ ፍጥነት በላይ የሚጓዝ የግፊት ሞገድ) ብዬ ጽፌ አደርኩ። ሙቀቱን ስለካ ግን ደማቁ ወገን ከደብዛዛው ይልቅ ቀዝቃዛ ሆኖ ተገኘ። ሾክ ቢሆን ኖሮ ጋዙን ጨምቆ ያግለው ነበር። ያየሁት ቀዝቃዛ ግንባር የሚባለው ነው፦ ገንዳ ውስጥ ያለ ውሃ ሲነቀነቅ እንደሚዋልል፣ የስብስቡ እምብርት ጋዝ ወዲያና ወዲህ ሲዋልል የሚፈጠር ድንበር።

ስለዚህ የጠርዙን ኩርባ የሚከተሉ ቀለበቶችን ሥላችሁ ድምቀቱን ለኩ። ድምቀት ከእፍጋት ስኩዌር ጋር ስለሚሄድ የድምቀቱን ዝላይ እንደ እፍጋት ዝላይ አትቁጠሩት። ቀጥሎ ከሁለቱም ወገን ስፔክትረም፣ ማለትም ብርሃኑ በየኃይሉ እንዴት እንደተከፋፈለ፣ አውጡና ሙቀቱን ለኩ። እፍጋቱን በሙቀቱ ስታባዙ ግፊቱን ታገኛላችሁ። ግፊቱ በሁለቱም ወገን ተቀራራቢ ከሆነ ቀዝቃዛ ግንባር ነው፤ በደማቁ ወገን ከዘለለ ሾክ ነው። እፍጋቱ እጥፍ በሆነበት ሾክ፣ የማክ ቁጥሩ (ፍጥነቱ ከድምፅ ፍጥነት ጋር ሲነጻጸር) 1.73፣ የሙቀቱ ዝላይ 1.75 እጥፍ መሆን አለበት። የእፍጋቱና የሙቀቱ ዝላይ እንዲህ ካልተስማሙ ገና አትጻፉ።

ጋዙ በዚህ ደረጃ ሲግል ሙቀቱን ለመለካት የሚረዳን በውስጡ ያለው ብረት ነው። 1 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ያሉት የብረት መስመሮች (ብረት በተወሰኑ ኃይሎች ላይ የሚያበራቸው) በስፔክትረሙ ላይ ተደራርበው ጉብታ ይሠራሉ፤ ጋዙ ሲግል ጉብታው ወደ ከፍተኛው ኃይል ይሸሻል። ይህን ጉብታ በጣም እወደዋለሁ፤ በጥቂት ፎቶን ሙቀቱን ይነግረኛል። ሆኖም የተለያየ ሙቀት ያለው ጋዝ ሲደባለቅ ጉብታው ይሰፋል፤ በአንድ ሙቀት ብቻ ካሰላችሁት የብረቱ መጠን ከእውነተኛው ያንሳል። ባለሁለት ሙቀት ሞዴልም ሞክሩ።

ለልምምድ ኤንጂሲ 7618 እና ዩጂሲ 12491 የተባሉትን ጋላክሲዎች እመክራለሁ። ሁለቱም በየራሳቸው ስብስብ መሃል ያሉ፣ ጋዛቸው እየዋለለ ያለ ጎረቤታሞች ናቸው። ከጠርዞቻቸው አንዱን ምረጡና ስም ሳትሰጡት የሁለቱን ወገን ሙቀት ለኩ።